ተቀምጦ ስለ መራመድ

ሙያዬን ለሰው ማስረዳት ከሙያው ራሱ ይከብደኛል። «ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ» ስል «እሰየው!» የሚለኝ ሰው፣ ምን እንደማስተምር ሲሰማ እሰየውን መልሶ ኪሱ ይከተዋል። የማስተምረውም የምመራመርበትም የሰው እንቅስቃሴ ሳይንስ ነው፤ ሰው እንዴት ቆሞ እንደሚሄድ፣ እንዴት እንደሚሮጥና እንደሚዘል፣ አዳልጦት ሲወድቅም ለምን በዚህ ሳይሆን በዚያ በኩል እንደሚወድቅ፣ አንዲት እርምጃ እስክትወጣ ድረስ አጥንትና ጡንቻ፣ ጅማትና ነርቭ ውስጥ ለውስጥ ምን ሲባባሉ እንደሚቆዩ። ይህን ሁሉ ዘርዝሬ ስጨርስ አንዱ፣ «በቃ የስፖርት መምህር ነህ በለኛ!» ይልና ዓይኑ አንገቴ ላይ ፊሽካ ይፈልጋል። ሌላው፣ «ወጌሻ ነህ ማለት ነው» ብሎ ካልሲውን ማውለቅ ይጀምራል።

ወጌሻነትን ንቄ አይደለም። አንድ የእግር ኳስ ቡድናችን ያለ አሰልጣኝ ሊሰነብት ይችላል፣ ያለ ወጌሻ ግን ዘጠና ደቂቃ አይዘልቅም። እኔ ግን የወለቀ አጥንት መልሼ አላውቅም። ቁርጭምጭሚት ሲጠመዘዝ በየትኛው ጅማት ላይ ምን ያህል ኃይል እንዳረፈ በቀመር ማሳየት እችላለሁ። ቁርጭምጭሚቱ የተጠመዘዘበት ሰው ደግሞ በዚያች ሰዓት የሚፈልገው ቅቤ እንጂ ቀመር አይደለም።

ዶክትሬቴን ይዤ ወደ ሰፈር ስመለስ ነገሩ ባሰ። ገና ሻንጣዬን ሳላወርድ ግቢያችን ያሉ አንዲት እማማ ነጠላቸውን እያጣፉ መጡና፣ «ዶክተር፣ እንኳን ደስ ያለህ፤ እስቲ ይቺን ጉልበቴን እያት» አሉኝ።

«እማማ፣ እኔ የሕክምና ዶክተር አይደለሁም።»

«ታዲያ የምን ነህ?»

«የአካሄድ።»

ጥቂት አሰቡ። ግራ ቀኙን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የማን አካሄድ?» አሉኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ እኔ ባለሁበት ስለ ጎረቤት አያወሩም።

የእናቴ ንቀት ደግሞ ከሁሉም ይከፋል፤ ማስረጃ አላትና። «መራመድ ያስተማርኩህ እኔ ነኝ» ትላለች። «ያለ ዲግሪ።» እኔም እንደ ምሁርነቴ በጥናት ልረታት ሞከርኩ። በ2012 (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ጥናቶቹም በአብዛኛው የእነሱ ናቸው) የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲዋ ካረን አዶልፍና ባልደረቦቿ መራመድ የጀመሩ ሕፃናት ሲጫወቱ በቪዲዮ እየቀረጹ እርምጃቸውን ቆጠሩ። ሕፃኑ በአማካይ በአንድ ሰዓት 2,368 እርምጃ ይራመዳል፤ በዚያችው ሰዓት ውስጥ 17 ጊዜ ይወድቃል። እኛ ጋ አንድ ተማሪ በሰዓት አሥራ ሰባት ጊዜ ቢወድቅ ጉባኤ ተጠርቶ ይሰናበታል። ሕፃኑን የሚያሰናብት ጉባኤ ስለሌለ ብቻ ተነስቶ ይቀጥላል፣ በመጨረሻም ይመረቃል። ማንም አያስተምረውም፣ ራሱ ወድቆ ወድቆ ነው የሚማረው፤ ይህን ሁሉ ለእናቴ አስረዳኋት። በጥሞና ሰማችኝና፣ «አሥራ ሰባቱንም ጊዜ ማን ያነሳህ መሰለህ?» አለችኝ። ለዚህ የሚሆን ሠንጠረዥ የለኝም።

ስለ መውደቅ ካነሳን፣ ቆሞ በመሄድ ታሪክ ስሟ ከሁሉ ቀድሞ የሚጠራው የእኛዋ ድንቅነሽ ናት። በ1974 አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ የተገኘችው ይህች የ3.2 ሚሊዮን ዓመት እመቤት በጉልበቷና በዳሌዋ አጥንት ቅርጽ ብቻ በሁለት እግሯ ትሄድ እንደነበር መስክራለች። በ2016 ደግሞ ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት የሞተችው ከዛፍ ወድቃ ነው አለ። ካገኟት አንዱ የሆኑት ዶናልድ ጆሃንሰን አልተቀበሉትም። እኔም አልተቀበልኩትም፤ የእሳቸው ምክንያት ሳይንሳዊ ነው፣ የእኔ የቤተሰብ ጉዳይ ነው።

«መራመድ ደግሞ ምኑ ይጠናል?» ለሚሉኝ ምስክር አድርጌ የማቀርበው ሮቦትን ነው። የአይቢኤሙ ዲፕ ብሉ ኮምፒውተር የዓለሙን የቼዝ ሻምፒዮን ጋሪ ካስፓሮቭን ያሸነፈው በ1997 ነው። ከዚያ 18 ዓመት ቆይቶ፣ በ2015፣ የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ተቋም ካሊፎርኒያ ውስጥ ፖሞና ላይ የሮቦቶች ውድድር አካሄደ። ለአሸናፊው 2 ሚሊዮን ዶላር ተዘጋጀ። ፈተናው ምን መሰላችሁ? ከመኪና መውረድ፣ በር መክፈት፣ ደረጃ መውጣት። የዓለም አንደኛ መሐንዲሶች ዓመታት የለፉባቸው ማሽኖች አንዱ ከመኪናው ሲወርድ፣ አንዱ የበሩን እጀታ ሲነካ፣ በየተራ ይገነደሱ ጀመር። ያሸነፈው የደቡብ ኮሪያው ሮቦት ደግሞ ብልሃተኛ ነበር፤ ሲያሻው ተንበርክኮ ጉልበቱ ላይ በተገጠመለት ጎማ ይንከባለላል። ማለትም መራመድን ያሸነፈው መራመድን በመተው ነው። ቼዝ የሚችል ሰው ሲያጋጥመን ሊቅ እንለዋለን። ጠዋት ሙሉ ጀበና፣ ሲኒና የሲኒ ማቅረቢያ ይዛ በተንሻፈፈ ደረጃ የምትወርደውን ሴት ግን ማንም ቀና ብሎ አያያትም።

የሙያችን አባቶች ታሪክም ቢሆን ለሰርግ ቤት የሚበቃ አይደለም። ጣሊያናዊው ጆቫኒ አልፎንሶ ቦሬሊ የሰውነትን የስበት ማዕከል ለማግኘት ሰውን ሳንቃ ላይ አጋድሞ፣ ሳንቃውን ደግሞ በስለታም ጠርዝ ላይ ያመዛዝን ነበር። ያረፈው በ1679 የመጨረሻዋ ቀን ነው፤ ታላቁ መጽሐፉ መታተም የጀመረው በ1680። እድገቱ ከሞተ በኋላ የደረሰው የዘርፉ የመጀመሪያ ምሁር እሱ ይመስለኛል፣ የመጨረሻው ግን አይደለም። ፈረንሳዊው ኤቲየን ዡል ማሬ በ1882 ጠመንጃ የመሰለ ካሜራ ሠርቶ በራሪ ወፎች ላይ እያነጣጠረ ክንፋቸውን ይቀርጽ ነበር። እኔ እንዲህ ያለ ዕቃ አንግቤ በግቢያችን በር ብገባ ጥበቃዎቹ የሚሉኝን ስለማውቅ ወፎቹን ለማሬ ትቼለታለሁ። ጀርመኖቹ ብራውነና ፊሸር ደግሞ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይፕዚግ ላይ የአንድ ወታደር እጅና እግር ላይ በኤሌክትሪክ የሚበሩ ቀጫጭን ቱቦዎች አስረው በጨለማ አስኬዱት። እሱን ማልበሱ ብቻ ሰዓታት ይፈጃል፤ ከጥቂት እርምጃዎች የተገኘውን ቁጥር በእጅ ማስላቱ ደግሞ ዓመታት በላ። ብልጦች ናቸው፣ ወታደር መረጡ። ወታደር ሂድ ሲሉት ይሄዳል። የእኔ ተጠኚዎች የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ናቸው፤ አበሉ ስንት እንደሆነ ሳይነገራቸው ጫማቸውን አያወልቁም።

መሣሪያ ካልኩ አይቀር የሚዛኑን ነገር ላውራችሁ። የዘርፋችን ዋና ዕቃ ፎርስ ፕሌት ይባላል። ወለል ውስጥ የሚቀበር የብረት ሰሌዳ ነው። ስትረግጡት እናንተ መሬትን በምን ያህል ኃይል እንደገፋችሁ፣ መሬትም በምን ያህል እንደመለሰችላችሁ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ፊትና ወደ ጎንም፣ በሰከንድ እስከ ሺህ ጊዜ እየለካ ይነግራችኋል። ሰው ሲሮጥ በእያንዳንዷ ርግጫ መሬት የክብደቱን ሁለትና ሦስት እጥፍ ትመልስለታለች፤ ይህ የታወቀው እንዲህ ባለው ሰሌዳ ነው። ያኔ በነበርኩበት ተቋም ይህንኑ በሦስት ገጽ አብራርቼ የግዥ ጥያቄ አስገባሁ። ወራት አለፉ። ከዚያ የመጣልኝ ደብዳቤ ርእሱ «ስለ ሚዛን ግዥ» ይላል።

ፕሮፎርማው በደንቡ መሠረት ከሦስት አቅራቢ ተሰብስቧል፤ ሦስቱም የእህል ሚዛን ሻጮች ናቸው። በዝቅተኛ ዋጋ ያሸነፈው የቡና ጆንያ የሚመዝን፣ ከሥሩ ጎማ ያለው ሚዛን ነው። ቴክኒክ ኮሚቴው ማብራሪያዬን ሳያነብ ቀረ እንዳልል አንብቦታል፤ «ጎማ ያለው መሆኑ ለእንቅስቃሴ ሳይንስ ይበልጥ ተስማሚ ያደርገዋል» ብሎ ጽፎ ፈርሟል። ሚዛኑ ዛሬም አለ። የተማሪዎች ምግብ ቤት ሽንኩርት ይረከብበታል። ለዚያ ተቋም ካበረከትኩት ሁሉ በየቀኑ ለማኅበረሰቡ ጥቅም የሚሰጠው እሱ ብቻ ነው፤ ጥናቶቼን እንዲህ አዘውትሮ የረገጣቸው የለም።

በኋላ በአንድ የውጭ ትብብር እውነተኛው ሰሌዳ መጣልኝ። እሱ ሲተከል ንዝረት የሌለው ወለል ይፈልጋል፤ የተሰጠኝ ክፍል ከጄኔሬተሩ ጋር ግድግዳ ይጋራል። መብራት ያለ ጊዜ ሥራው ሸጋ ነው። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ይነሳና ባዶው ሰሌዳ የማይታይ ሰው እየተራመደበት እንደሆነ ይመዘግባል። አንድ የማስተርስ ተማሪዬ ይህን ሰውዬ ከተጠኚዎቹ አንዱ አድርጎ ሊያስገባው ምንም አልቀረውም ነበር። «እርምጃው ከሁሉም የተስተካከለ ነው፣ አበልም አልጠየቀም» አለኝ።

ተማሪዎቼ ግማሹ ኳስ ተጫዋች ለመሆን የመጣ፣ ግማሹ ምደባ ያመጣው ነው። ምደባ ያመጣው ይሻላል፤ ምንም ስላልጠበቀ አይከፋውም። ኳስ ተጫዋቹ ግን ማልያ ለብሶ መጥቶ ኒውተን ሲገጥመው የተከዳ ፊት ያሳያል። አንዱ አንድ ቀን እጁን አወጣና፣ «መምህር፣ ሜሲ ይሄን ቀመር ያውቀዋል?» አለኝ።

«አያውቀውም።»

«ታዲያ እኛ ምን አስጨነቀን?»

«እሱ ስለሚችለው ማወቅ አያስፈልገውም። እኛ ነን የማንችለው።»

ክፍሉ ሳቀ፤ እኔ ግን ቀልድ አልነበረም የተናገርኩት። ይኸው ልጅ ነው የክንድን ምሳሌ በሠራን ዕለት ያስደነቀኝ። ክርናችሁን አጥፋችሁ መዳፋችሁ ላይ አምስት ኪሎ ጤፍ ያዙ። ጡንቻው ክንዱ ላይ የሚያርፈው ከክርኑ አራትና አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ ነው፤ ጤፉ ያለው ሠላሳ አምስት ሳንቲ ሜትር ገደማ ላይ። ስለዚህ አምስቱን ኪሎ ለመያዝ ጡንቻው ከሠላሳ አምስት እስከ አርባ አራት ኪሎ የሚያነሳ ኃይል ማውጣት አለበት፤ የክንዱ የራሱ ክብደት ሳይቆጠር። ያ ቦሬሊ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት የደረሰበት ነገር ይኸው ነው፤ ሰውነታችን በኃይል ይከስራል፣ በፍጥነትና በስፋት ያተርፋል። ልጁ ስሌቱን ሁለት ጊዜ ደገመና፣ «መምህር፣ ይሄን ዲዛይን ያጸደቀው የትኛው ኮሚቴ ነው?» አለኝ። የዚያን ቀን ነው ይህ ልጅ ይሆናል ያልኩት።

ሙያው በሽታም አለው። ሰርግ ቤት እስክስታ ሲወርድ ሰው ያጨበጭባል፤ እኔ የትከሻ አጥንት እቆጥራለሁ። ክንድና ትከሻ ከቀረው አጽማችን ጋር በአጥንት የሚገናኙት በአንዲት መገጣጠሚያ ብቻ ነው፤ የአንገት አጥንት ከደረት አጥንት ጋር በምትጋጠምባት። የቀረው ሁሉ በጡንቻ የተንጠለጠለ ነው። ይህን ነፃነት የጎጃምና የጎንደር ሰው ማንም ሳይነግረው ደርሶበት እስከ ጫፉ ተጠቅሞበታል። አንድ ጊዜ ይህንኑ አጠገቤ ለተቀመጡት የሙሽራው አጎት ሳስረዳ፣ «ልጄ፣ ተነስና ውረድ እንጂ!» ብለው ገፉኝ። ወረድኩ። ከተመለስኩ በኋላ ስለ ትከሻ ማንም አልጠየቀኝም።

ኢትዮጵያዊ ሆኖ በዚህ ሙያ ውጭ አገር ጉባኤ መሄድ ደግሞ ለብቻው የሚጻፍ መከራ ነው። ደረቴ ላይ ያለውን ወረቀት ያነበበ ሁሉ በመጀመሪያ የሚያየው እግሬን ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ነው፤ «ትምህርት ቤት ስንት ኪሎ ሜትር እየሮጥክ ነበር የምትሄደው?» አልፈርድባቸውም። ያኔ ግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የነበረው የያኒስ ፒትሲላዲስ ቡድን በ2003 ባወጣው ጥናት ከታላላቅ የማራቶን ሯጮቻችን ብዙዎቹ የአርሲ ልጆች መሆናቸውን፣ ብዙዎቹም ትምህርት ቤት በሩጫ ይመላለሱ እንደነበር አሳይቷል። ደራርቱ፣ ቀነኒሳና ጥሩነሽ የበቀሉባትን በቆጂን እነሱም ያውቋታል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ሲሮጥ ግራ ክንዱን ጠበቅ አድርጎ የሚያጥፈው ልጅ ሳለ ደብተር እየያዘ ስለሮጠ መሆኑንም ሰምተዋል። እኔ ግን ያደግኩት ፒያሳ ነው። ትምህርት ቤታችንና ቤታችን በአጥር ይዋሰናሉ፤ ደወሉን ሰምቼ ነበር ፊቴን የምታጠበው። ይህን ስነግራቸው ፓስፖርቴን ሊያዩ ይፈልጋሉ።

ቀጥሎ አበበ ቢቂላ ይመጣል፤ በ1960 ሮም ላይ፣ በባዶ እግሩ፣ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ። ከዚያ ስለ ባዶ እግር ሩጫ የእኔን ምስክርነት ይጠብቃሉ። እኔም የአበበ የቶኪዮ ሰዓት 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ መሆኑን፣ ያን ጊዜ ጫማ ማድረጉን፣ ያውም ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ሳምንታት ብቻ እንዳለፉት እነግራቸዋለሁ። ደስ አይላቸውም። ባዶ እግሩ ይበልጥባቸዋል።

ትልቁ ፈተና የመጣው አውሮፓ ውስጥ በአንድ ጉባኤ ላይ አዲስ የመተንፈሻ መለኪያ ሲተዋወቅ ነው። ሰውዬው ትሬድሚል ላይ ይወጣል፣ ጭምብል ያጠልቃል፣ እስኪደክመው ይሮጣል፤ መሣሪያው ሰውነቱ ሊጠቀምበት የሚችለውን የኦክስጅን ጣሪያ ይለካል። ነገሩን በ1920ዎቹ ያስፋፋው የኖቤል ተሸላሚው እንግሊዛዊ አርችባልድ ሂል ራሱን እያስሮጠ ነበር የለካው። የታላላቅ ሯጮች ጣሪያ በደቂቃ በአንድ ኪሎ ክብደት ከ70 እስከ 85 ሚሊ ሊትር ይደርሳል፤ እንደ እኔ ያለ ሰው አርባ ከሞላ ይመስገን ነው። ፈቃደኛ ሲጠየቅ አዳራሹ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። እምቢ ማለት አገር ማሳፈር መሰለኝ፤ እሺ ማለት እንደሚብስ የገባኝ ጭምብሉ ከጠለቀልኝ በኋላ ነው። ጥቂት ሮጥኩ። ስክሪኑ ላይ የሠላሳዎቹ ቁጥር መጣና እዚያው ቆመ። አዳራሹ ዝም አለ። መሣሪያውን የሚያስተዋውቀው ሰው ቱቦውን ነቅሎ ፈተሸ፣ ጋዙን አስተካከለ፣ ይቅርታ ጠይቆ እንደገና አስሮጠኝ። መሣሪያው ደህና ነበር። በሻይ ሰዓት አንዱ ቀረብ ብሎ፣ «ከየትኛው የኢትዮጵያ ክፍል ነህ?» አለኝ። የአርሲን ስም ለማትረፍ ብዬ፣ «እኛ ከመሀል ነን» አልኩት።

በእንዲህ ያሉ መድረኮች ሁሌ የሚጠቀስ ሌላ ጥናት አለ። በ1986 ኔቸር ላይ እንደወጣው የኬንያ የሉዎና የኪኩዩ ሴቶች የክብደታቸውን 20 በመቶ የሚያህል ሸክም ተሸክመው ሲሄዱ ባዶ እጃቸውን ከሚሄዱበት የበለጠ ኦክስጅን አይፈጁም። በ1995 ምክንያቱ ተገኘ፤ ሸክም ሲኖርባቸው የእርምጃቸው ውዝዋዜ ጉልበትን ከአንዱ እርምጃ ወደ ሌላው ይበልጥ ቆጥቦ ያሻግራል። ድንቅ ሥራ ነው። ሆኖም የጉባኤው ሰው «ነፃ ሸክም» እያለ ሲደሰት ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱት እናቶች በዓይኔ ይመጣሉ። የእነሱ ሸክም ከ20 በመቶ በብዙ ያልፋል፣ የሚሸከሙትም በጀርባቸው ነው፤ ነፃ የተባለውም የተለካው በኦክስጅን እንጂ በወገብ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስቀኝ ግን ስለ እንቅስቃሴ የምናጠና ሰዎች የምንቀመጠው መቀመጥ ነው። ረዳት ምሩቅ ሳለሁ ሥራዬ ሜዳ ላይ ነበር፣ እንጣጥ ስል እውል ነበር። ሌክቸረር ስሆን ከሜዳ ወደ ክፍል ገባሁ። ረዳት ፕሮፌሰር ስሆን ከክፍል ወደ ቢሮ፣ ተባባሪ ፕሮፌሰር ስሆን ከቢሮ ወደ ስብሰባ። ሙሉ ፕሮፌሰሮቻችንን ከመኪናቸው ውጭ ያየኋቸው ጥቂት ጊዜ ነው። መቀመጥ የሚያመጣውን መዘዝ እኮ አገር ያወቀው በእኛው ዘርፍ አካባቢ በተሠራ ጥናት ነው! ጄሪ ሞሪስ የተባለው ሐኪም በ1953 ላንሴት ላይ የለንደንን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ሠራተኞች አነጻጽሮ፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው የሚነዱት ሹፌሮች ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ ከሚውሉት ቲኬት ቆራጮች ይበልጥ በልብ ሕመም እንደሚጠቁ አሳየ። በ1956 ደግሞ እሱና ባልደረቦቹ የደንብ ልብሳቸውን ልክ መርምረው የሹፌሮቹ ሱሪ ወገቡ ሰፋ ያለ መሆኑን ጻፉ። ሳይንስ ልብስ ሰፊ ቤት ድረስ የሄደበት ቀን ነው። እኔም ታክሲ ስሳፈር በር ላይ ተንጠልጥሎ «አራት ኪሎ! አራት ኪሎ!» የሚለውን ረዳት በቅናት አየዋለሁ። እሱ ግን ሕልሙ ሹፌር መሆን ነው።

ባለፈው የግቢያችን ማኅበረሰብ አካላዊ እንቅስቃሴ እንዲያዘወትር የሚያደርግ ዕቅድ ለማውጣት ተሰብስበን ከጠዋት እስከ ማታ ተቀመጥን። ከረፋዱ ሻይ በኋላ ወገቤን ልፈታ ብዬ ግድግዳው ጥግ ብቆም ሰብሳቢው፣ «ዶክተር፣ ሐሳብ አለህ?» አሉኝ። «የለኝም፣ ቆሜ ነው» አልኩ። «እንግዲያውስ ተቀመጥና ተሳተፍ» ተባልኩ። በመጨረሻ ሠራተኛው በሊፍት ፋንታ በደረጃ እንዲጠቀም ተወሰነ። ሊፍቱ ከተበላሸ ስለከረመ ውሳኔው በዚያች ደቂቃ መቶ በመቶ ተፈጸመ፤ በሪፖርቱም እንደዚሁ ሰፍሯል።

አሁን የያዝኩት ጥናት ከስብሰባ ያዳነኝ ነው። በ1920ዎቹ ሞስኮ ውስጥ ኒኮላይ በርንስታይን የተባለ ተመራማሪ በመዶሻ የሚመቱ ሠራተኞችን እየቀረጸ ነበር። አለቆቹ የሚፈልጉት አንድ ትክክለኛ አመታት ተገኝቶ ሠራተኛው ሁሉ እንዲማረው ነው። እሱ ያገኘው ሌላ ነው። የለመደ እጅ መዶሻው የሚያርፍበትን ቦታ አይስትም፤ ትከሻው፣ ክርኑና አንጓው ግን በእያንዳንዷ ምት መንገዳቸውን ይለዋውጣሉ፤ አንዱ ሲያጠፋ ሌላው ያርማል። ባለሙያ ማለት ያንኑ እንቅስቃሴ የሚደግም ሳይሆን ያንኑ ችግር በየጊዜው አዲስ አድርጎ የሚፈታ ነው። ይህን ሳነብ የመጣልኝ የእናቴ ዘነዘና ነው። ወሬ እያወራች፣ ወደ ምጣዱ እያየች፣ ልጅ እየተቆጣች ቡና ስትወቅጥ ዘነዘናው ሙቀጫውን ስቶ አያውቅም።

ለመንኳት። «ቡና ስወቅጥ ለማየት ነው አሥር ዓመት የተማርከው?» ብትልም እሺ አለች። አንጓዋ፣ ክርኗ፣ ትከሻዋና ዘነዘናው ጫፍ ላይ ብርሃን የሚመልሱ ትናንሽ ኳሶች ለጥፌ ካሜራዎቹን ግቢ ውስጥ ተከልኩ። እሷ ወቀጠች፣ እኔ ተቀምጬ አየሁ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እማማ ለቡናው ሲመጡ እናቴን በሚያበሩ ኳሶች ተሸልማ አዩና፣ «በመጨረሻ የእሷን አካሄድ ነው የደረስክበት?» አሉኝ። ውጤቱ ግን በርንስታይንን የሚያኮራ ነው፤ ክንዷ በየምቱ ሌላ መንገድ ይሄዳል፣ ዘነዘናው እዚያው ያርፋል።

ጽፌ ወደ አንድ የውጭ መጽሔት ላክሁት። የመጀመሪያው ገምጋሚ ወደደው። ሁለተኛው ጥያቄ አበዛ፤ ተሳታፊዋ ለምን አንዲት ብቻ ሆነች? ቡና በሌለበት ባዶ ሙቀጫ ቢሞከርስ? የተሳታፊዋ የሥልጠና ታሪክ ምንድን ነው? ለእናቴ አነበብኩላት።

«ባዶ ሙቀጫ የሚወቅጥ ጤነኛ ሰው የት አገር ነው ያለው?» አለች። «ማነው እሱ?»

«ስሙ አይነገርም። ደንቡ ነው።»

«ስሙን ደብቆ የሰው ቤት ጓዳ ይጠይቃል?» ተቆጣች። ቆይታ ግን ለሥልጠናው ጥያቄ መልስ ሰጠችኝ፤ እኔም «የተሳታፊዋ ልምድ» በሚለው ክፍል ሥር ቃሏን ሳልቀንስ አሰፈርኩት፤ ከልጅነቷ ጀምሮ፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ በጾምም በፍስክም።

ባለፈው ሳምንት ጽሑፉ ለማሻሻያ ተመልሶ መጣ። ሁለተኛው ገምጋሚ «በጾምም በፍስክም» የሚሉት ሁለት የሙከራ ሁኔታዎች በሠንጠረዥ ተለይተው ይቅረቡልኝ ብሏል።